ጀርመን ሀገር ከሰፈር ዳቦ ቤት ጋር መላመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ የመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ሁሌ አንድ አይነት ስለሆነ ሰብስቤ ጻፍኩት። እኔ ያለሁት ደቡብ ውስጥ ሽቱትጋርት አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዛ ያደላሉ፣ በርሊንና ሃምቡርግ ያላችሁ እዛው ካለው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት። ቅደም ተከተሉን አትዩብኝ፣ የሚያስፈልጋችሁን ጥያቄ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ዳቦው ለምንድነው የሚኮመጥጠው? ተበላሽቶ ነው እንዴ?

ኧረ አልተበላሸም። ያ ጠቆር ያለው ዳቦ የሚሰራው ሮገን ከሚባል እህል ነው፣ ስንዴ ይመስላል ግን ስንዴ አይደለም፣ ብርድና ደካማ አፈር ስለሚችል ሰሜን አውሮፓ በብዛት ይዘራል። ሊጡ እንደ ስንዴ ሊጥ አይለጠጥም፣ በዛ ላይ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ቶሎ ስለሚያፈርሰው ዝም ብለህ በእርሾ ብቻ ብትጋግረው መሀሉ ይላቁጥብሃል። ሊጡ ሲኮመጥጥ ግን ኢንዛይሙ ይዳከማል ዳቦውም ይይዛል፣ ስለዚህ መኮምጠጡ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ግድ ስለሆነ ነው። ዛወርታይክ ይሉታል ኮምጣጣውን ሊጥ፣ ከትናንቱ ትንሽ እያስቀሩ ለዛሬው ይጠቀሙበታል፣ እኛ እንጀራ ላይ እርሾ እንደምናስቀረው ማለት ነው፣ ስራውም ያው ነው። እንጀራ እየበላህ አድገህ "ይሄ ዳቦ ኮመጠጠኝ" ስትል ትንሽ ይገርማል እንግዲህ።

ለመጀመሪያ ቀን ግን በሙሉ ሮገን አትጀምሩ፣ ትጠሉታላችሁ። ሚሽብሮት በሉ፣ ስንዴና ሮገን የተቀላቀለበት ነው። ቫይትሰንሚሽብሮት ከሆነ ስንዴው ይበዛል፣ ሮገንሚሽብሮት ከሆነ ሮገኑ ይበዛል። ፎልኮርንብሮት ደግሞ ቢያንስ 90 ከመቶው ያልተነፋ ዱቄት መሆን አለበት፣ ያ ከባዱ ነው፣ አንድ ቁራጭ ከበላህ ምሳ ድረስ አይርብህም። ስስ አድርጋችሁ አስቆርጡ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል። ከሻይ ጋር አይሄድም፣ እኔ በበኩሌ አልሞክረውም፣ ከእንቁላል ፍርፍር በቃሪያ ጋር ግን በጣም ይሄዳል።

ሱፐርማርኬት ርካሽ እያለ ለምን ዳቦ ቤት እሄዳለሁ?

ካልፈለግክ አትሂድ፣ ብር ከሌለህ የሱፐርማርኬቱም ዳቦ ነው። ግን ልዩነቱን እወቅ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው "ትኩስ" ዳቦ አብዛኛው ሌላ ቦታ በግማሽ ተጋግሮ ወይ በረዶ ሆኖ የመጣ ነው፣ እዛ ምድጃ ውስጥ ሞቆ ይወጣል። ሁለተኛው ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ዳቦ ቤቶች ናቸው፣ አንድ ማዕከል ጋግረው ወይ ሊጡን ልከው ሱቁ ላይ ይጨርሱታል፣ ከነሱ ውስጥ ጎበዝም አለ ሰነፍም አለ። ሶስተኛው ሃንድቨርክ የሚባለው ነው፣ ባለቤቱ ወይ ቀጥሮ የሚያሰራው ሰው በሙያው ማይስተር (የሙያው ከፍተኛ ወረቀት ያለው) የሆነበት፣ ከጓዳው የሚጋገርበት። ጀርመን ውስጥ ዳቦ ጋጋሪነት እንዲሁ ተነስተህ የምትከፍተው ንግድ አይደለም፣ በመደበኛው መንገድ የማይስተር ወረቀት ይጠይቃል።

እንዴት ትለየዋለህ? ሌሊት 10 ወይ 11 ሰዓት ላይ በሩ ሳይከፈት መብራት በርቶ ሽታው መንገድ ላይ ከወጣ ያ ነው። የዳቦ አይነቱ መጠነኛ ከሆነና ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ባዶ ከሆነም ጥሩ ምልክት ነው። ማታ መዝጊያ ሰዓት ድረስ አርባ አይነት ነገር ተደርድሮ የሚያበራበት ቤት ለእኔ አጠራጣሪ ነው።

ዋጋው ይለያያል፣ ትልቁ ዳቦ ከ4 ዩሮ በላይ ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ የሮገን ዳቦ ከሆነ ግን ሳምንት ሊጠጋ ይቆያል። ጨርቅ ውስጥ ወይ የዳቦ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፣ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት ይደርቃል። ደግሞ "ፎም ፎርታግ" የሚል ወረቀት ካያችሁ የትናንት ዳቦ ነው፣ ቅናሽ አለው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ አሮጊቶቹ ጀርመኖች ራሳቸው ቀድመው የሚያነሱት እሱን ነው። ማታ ማታ የተረፈውን በቱ ጉድ ቱ ጎ አፕ በርካሽ ከረጢት የሚሸጡም ብዙ ናቸው፣ ምን እንደሚደርስህ ግን መምረጥ አትችልም፣ ጾም ላይ ከሆንክ ክሩዋሳን በክሩዋሳን ይዘህ ልትመለስ ትችላለህ።

ጀርመንኛዬ ገና ነው፣ ምን ብዬ ነው የማዘው?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያስቀር ነው፣ ፈርተው በጣታቸው እያሳዩ የሚገዙ ወይ ጭራሽ የማይገቡ አሉ። እኔ ግን እላለሁ ቋንቋ ለመለማመድ ከዳቦ ቤት ባንኮኒ የተሻለ ቦታ የለም፣ ምክንያቱም ንግግሩ ሁሌ ያው ነው፣ ሻጯም የምትጠይቀው ነገር አይቀየርም።

ቅዳሜ ጠዋት ያለውን እንይ። ሰልፉ በር ድረስ ነው። ስትገባ ለሁሉም ጮክ ብለህ "ጉተን ሞርገን" ትላለህ (እኛ ሀገር ቤት ሰው ያለበት ስንገባ ሰላም እንደምንለው፣ እዚህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ብትል ያዩሃል፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ግን ባትል ነው የሚያዩህ)። ተራህ ሲደርስ "ኢሽ ሄተ ገርን" (ባገኝ ደስ ይለኛል እንደማለት) ብለህ የፈለግከውን ትጨምራለህ፣ "ኢሽ ቪል" (እፈልጋለሁ) አትበል፣ ስህተት ባይሆንም ይከብዳል። ትልቁን ዳቦ ካዘዝክ "ገሽኒተን?" ትልሃለች፣ ይቆረጥልህ ወይ ማለቷ ነው፣ አዎ ካልክ ከኋላዋ ያለው ማሽን ውስጥ ትከተውና እየተንገጫገጨ በአንድ ጊዜ ቆርጦ ይጨርሰዋል። ግማሽ ከፈለግክ "አይን ሃልበስ" በል፣ ግማሽ ዳቦ መግዛት የተለመደ ነው፣ ብቻህን የምትኖር ከሆነ ሙሉ አትግዛ። ከዛ "ዳርፍስ ኖኽ ቫስ ዛይን?" ትላለች፣ ሌላስ ማለት ነው፣ ከጨረስክ "ዳስ ቫርስ፣ ዳንከ" ትላለህ። በቃ አለቀ። ስትወጣ "ሾነን ታግ ኖኽ" ትባባላላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ስልክ እያወራችሁ ባንኮኒ ጋ አትድረሱ፣ እሱን አይወዱም። ካርድ የማይቀበል ወይ ከ10 ዩሮ በታች ካርድ አልቀበልም የሚል ትንሽ ዳቦ ቤትም አሁንም አለ፣ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሻጯ ታውቅሃለች፣ "እንደ ሁልጊዜው?" ማለት ትጀምራለች። እዛ ስትደርስ ጠይቅ፣ ዛሬ የቱ ነው አሁን የወጣው፣ ይሄ ውስጡ ምን አለው፣ ለአይብ የቱ ይሻላል በላት። ሰልፍ ከሌለ ሊያወሩህ ደስ ይላቸዋል፣ በተለይ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ረጋ ሲል። ጎረቤትህ በደረጃ ላይ ሰላምታ የነፈገህ ጀርመን ዳቦ ሰልፍ ላይ አግኝቶህ የሚያወራህ ጊዜም አለ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን አለ።

ትንሿ ዳቦ ስሟ ማን ነው በመጨረሻ?

ብሮትሸን ካላችሁ የትም ይገባቸዋል። ግን በርሊን ሽሪፐ፣ ባየርን ዜመል፣ እኛ ጋ ቬክለ፣ ሃምቡርግ ደግሞ ሩንድሽቱክ ሊሏት ይችላሉ። ቦምቦሊኖ የምትመስለዋ ማርማላታ የተሞላችው ደግሞ አብዛኛው ቦታ በርሊነር ናት፣ በርሊን ውስጥ ግን ፕፋንኩኸን ናት፣ ባየርን ክራፕፈን፣ ሄሰን ክሬፕል። ሰው ይስቃል እንጂ አይቆጣም፣ አሳዩአት በጣታችሁ አለቀ።

ጾም ላይ ምን መግዛት እችላለሁ?

ከምታስቡት በላይ ብዙ አለ። መደበኛው የሮገንና የሚሽ ዳቦ ዱቄት ውሃ ጨውና እርሾ ነው፣ ወተትም ቅቤም የለበትም በአብዛኛው። ተራው ብሮትሸንም እንደዛው። ተጠንቀቁ የምላችሁ ሚልሽብሮትሸን (ስሙ ራሱ ወተት ይላል)፣ ሄፈትሶፕፍ የሚሉት የተጎነጎነው ጣፋጭ ዳቦ፣ ክሩዋሳን፣ ኬክ በሙሉ። አንዳንዱ ቤት ተራ ዳቦ ውስጥም እርጎ ወይ ወተት ነክ ነገር ይጨምራል፣ ስለዚህ በእይታ አትፍረዱ።

የሚጠይቁበት መንገድ ቀላል ነው። "ጾም ነኝ" ብላችሁ ማስረዳት አትጀምሩ፣ ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን ለሻጯ ስታብራራ ከኋላህ ያለው ሰልፍ ያልቅብሃል። "ኢስት ዳስ ቬጋን?" በሉ በቃ፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም ወይ ማለት ነው። እርግጠኛ ካልሆነች ውስጡ ያለው የተጻፈበትን ማህደር ጠይቋት። ከ2014 ታህሳስ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ በአውሮፓ ህብረት ህግ ሳይታሸግ የሚሸጥ ምግብ ላይ ጭምር 14 አይነት አለርጂ የሚያመጡ ነገሮችን ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ወተትና እንቁላል ከነዛ ውስጥ ናቸው። ብዙ ቤት ባንኮኒ ስር አንድ ፎልደር አለ፣ አውጥታ ታሳያችኋለች። ግሉተን ለማይስማማው ሰውም ያው ፎልደር ነው፣ ግን ዱቄት በሚቦንንበት ቤት ከግሉተን ነጻ ነው ቢሏችሁ እንኳን በከባዱ ለታመመ ሰው አልመክርም።

ሙስሊም ነኝ፣ ዳቦ ውስጥ አሳማ ወይ አልኮል ይኖራል?

ሊኖር ይችላል፣ እና ሰው የማይጠረጥረው ቦታ ላይ ነው ያለው። ብሬትስል፣ ያ ቡናማ የሚያብለጨልጨው የተቆላለፈው፣ እኛ አካባቢ ሊጡ ውስጥ ስብ ይገባበታል፣ አንዳንዱ ቤት ቅቤ አንዳንዱ ዘይት አንዳንዱ ደግሞ የአሳማ ስብ። "ሽማልትስ ድሪን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳይደብቁ ይነግሯችኋል። (ለጾመኛም ይሄው ጥያቄ ያስፈልጋል።) ሽፔክ የሚል ስም ያለበት ዳቦ የአሳማ ስጋ አለበት። ክሬም ያለባቸው ኬኮች እንዳይፈርሱ ጄላቲን ይገባባቸዋል፣ እሱ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው።

አልኮሉ ደግሞ ኬኩ ላይ ነው። ሽቫርትስቬልደር ኪርሽቶርተ የቼሪ አረቄ አለበት፣ ገና ሲደርስ የሚሸጠው ሽቶለን ዘቢቡ በሩም የተዘፈዘፈ ነው ብዙውን ጊዜ፣ ሩምኩግል ስሙ ይናገራል። ልጆች ላላችሁም ይሄን እወቁት፣ ልደት ላይ ቆንጆ ነው ብላችሁ ገዝታችሁ እንዳትሄዱ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ መራቅ የፈለገ ሰው የቱርክ ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ እዛ ፒደ የሚሉት ጠፍጣፋ ዳቦ ለስላሳ ነው፣ ረመዳን ላይ ማታ ከማፍጠሪያው በፊት ያለው ሰልፍ ራሱ የሚታይ ነገር ነው።

ድፎ ዳቦ ለመጋገር የትኛውን ዱቄት ልግዛ?

ሱፐርማርኬት ዱቄቱ ላይ ቁጥር አለው፣ 405፣ 550፣ 1050። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም። ዱቄቱ ቢቃጠል ከ100 ግራም ውስጥ ስንት ሚሊግራም አመድ ይቀራል የሚለው ነው፣ አመዱ ደግሞ ከእህሉ ቆዳ የሚመጣው ማዕድን ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ዱቄቱ ጠቆር ይላል ጣዕሙም ይጨምራል። 405 ለኬክ ነው፣ ብዙ ሰው ነጭ ስለሆነ እሱን ይገዛና ድፎው ሲፍረከረክበት ምድጃውን ያማል። 550 ግዙ፣ ሀገር ቤት ያለውን ጠየም ያለ ጣዕም የምትፈልጉ ሩቡን ያህል 1050 ቀላቅሉበት። ኦርጅናሉ እርሾ ቅዝቃዜ ያለበት መደርደሪያ ላይ በ42 ግራም ኩብ ይሸጣል፣ "ፍሪሸ ሄፈ" ይላል፣ አንዱ ለኪሎ ዱቄት ይበቃል፣ ሊጡን ማሳደር ከፈለጋችሁ ግን ግማሹን ወይ ከዛም በታች አድርጉ አለበለዚያ ጠዋት ከሳህኑ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ጥቁር አዝሙድ ቱርክ ሱቅ "ቸረክ ኦቱ" በሉ። ድምብላል ያው የትም አለ። እንደውም እዚህ ደቡብ የገጠር ዳቦ ውስጥ ድምብላልና እንስላል ኩመል ከሚሉት ዘር ጋር ይጨምራሉ፣ ብሮትገቩርትስ ይባላል ተፈጭቶ ተቀላቅሎ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ሳታስበው አንድ ዳቦ ቤት ገብተህ ሽታው የእናትህን ቤት ያመጣብሃል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ኮባው የጎደለብን ነው። የሙዝ ቅጠል እስያ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አለ፣ አቅልጣችሁ ጋለ ባለ ምጣድ ላይ ትንሽ ለብ አድርጉት እንዳይሰነጠቅ፣ ከዛ እንደ ኮባ ከስርም ከላይም ተጠቀሙበት። ሽታው ልክ ኮባ አይሆንም፣ ይቀርበዋል።

ዳቦ ቤቱ የራሴን ሊጥ ይጋግርልኛል?

ሀገር ቤት ሊጥህን ይዘህ ሰፈር ዳቦ ቤት ሄደህ አስጋግረህ ትመጣለህ፣ እዚህ በንጽህና ደንብ ምክንያት አብዛኛው እሺ አይልህም፣ ብትለምደውም እሺ አይልህም፣ አትቀየመው።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ደቡብና ሄሰን አካባቢ ብዙ መንደር ውስጥ ባክሃውስ የሚባል አለ፣ የመንደሩ የጋራ ምድጃ፣ ትንሽ ቤት ነው ከድንጋይ የተሰራ። ድሮ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምድጃ እንዳይኖረው እሳት አደጋም ስለነበር እንጨትም ስለሚፈጅ ነው የጋራ ያደረጉት። አሁንም የሚሰሩ አሉ፣ ራትሃውስ (ማዘጋጃ ቤቱን) ወይ የመንደሩን ማህበር ጠይቃችሁ ቀን ትይዛላችሁ፣ ትንሽ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ራሱ ይነዳል፣ ድንጋዩ እስኪግል ይጠበቃል፣ ከዛ ፍሙ ተጠርጎ ይወጣል፣ ወለሉ በእርጥብ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ ዳቦው የሚበስለው ድንጋዩ በያዘው ግለት ብቻ ነው። ከላይም ከታችም ከጎንም ሙቀት ስለሚመጣ ድፎ የሚፈልገው ልክ ይሄ ነው፣ የቤት ኦቨን በኤሌክትሪክ ይሄን አይሰጥም። ለክርስትና ወይ ለማህበር ብዙ ድፎ የምትፈልጉ ሰዎች ተሰብስባችሁ አንድ ቀን ብትይዙ ያዋጣል። መንደርተኛው ይመጣል፣ ምንድነው ቅጠሉ ይላል፣ ቁራጭ ትሰጠዋለህ፣ ሚስቱ ደግሞ የራሷን ኬክ ይዛ ትመጣለች ምድጃው ሳይበርድ ልክተት ብላ። ተዋወቅክ ማለት ነው።

እሁድ ክፍት ናቸው?

ሱቁ ሁሉ በህግ ዝግ ሆኖ ዳቦ ቤት ለጥቂት ሰዓት መሸጥ ይፈቀድለታል፣ ሰዓቱ እንደየክልሉ ይለያያል፣ ብዙው ጠዋት ከፍቶ ቀን ላይ ይዘጋል። ቅዳሴ የምትሄዱ ሰዎች ስትመለሱ ዝግ ነው፣ ስትሄዱ ግዙና ቦርሳችሁ ውስጥ ይቆይ። ያመለጠው ሰው ባቡር ጣቢያ ይሂድ፣ እዛ ያሉት ቀኑን ሙሉ ይሰራሉ።

ልጆቼ ህዳር ላይ ከትምህርት ቤት የሰው ቅርጽ ያለው ዳቦ ይዘው መጡ፣ ምንድነው?

ቬክማን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሽቱተንከርል ይሉታል፣ አይኑ ዘቢብ ነው፣ ምዕራብ ጀርመን ደግሞ የሸክላ ፒፓ ያስይዙታል። ኖቬምበር 11 የቅዱስ ማርቲን ቀን ነው፣ ልጆች ማታ ፋኖስ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ፣ ከዛ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ለልጆቻችሁ ቡሄን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም፣ እየጨፈሩ ሙልሙል መቀበል ማለት ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ቀድማችሁ ብትነግሯቸው የሚጋግርላችሁ ዳቦ ቤት አለ፣ ጣፋጭ ሊጥ ስለሆነ ወተትና ቅቤ እንዳለው ግን አስቡ።

ዳቦ ቤት ውስጥ መስራት ወይ መማር ይቻላል?

ይቻላል፣ ሰውም በጣም ይፈልጋሉ። አውስቢልዱንግ የሚሉት የሙያ ስልጠና 3 ዓመት ነው፣ እየሰራህ እየተከፈለህ፣ በተወሰኑ ቀናት ትምህርት ቤት እየሄድክ። መሸጫው ላይ መስራት ከፈለግክ ለሻጭነትም ለብቻው 3 ዓመት ስልጠና አለ። ጀርመንኛ ቢያንስ ቢ1 ያስፈልግሃል፣ ትምህርት ቤቱ ላይ የሚያስቸግረው ከሊጡ ይልቅ ቋንቋው ነው።

ሰዓቱን ግን አስብበት። እስከ 1996 ድረስ ሌሊት መጋገር በህግ የተከለከለ ነበር፣ አሁን ክልከላው የለም፣ ብዙ ቤት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስራ ይጀምራል። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ገደብ አለ፣ 16 የሞላው ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ 17 የሞላው ከ10 ሰዓት በፊት አይጀምርም (በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። ባቡር በዛ ሰዓት ስለማይኖር ከቤትህ በእግር ወይ በሳይክል የሚደረስበትን ቤት ፈልግ። መጀመሪያ ፕራክቲኩም (ለአጭር ጊዜ ስራውን መሞከር) ጠይቅ፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ተነስተህ እየው፣ ከዛ ወስን። የማውቃቸው ልጆች የወደዱት አሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ስራ ጨርሶ ቀኑ የራስ መሆኑን ይወዱታል። የተዉትም አሉ፣ የዱቄት ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያሰቃያል፣ እሱን ቀድመህ ሀኪም ጠይቅ።

የለመድኩት ዳቦ ቤት ኦገስት ላይ ተዘጋ፣ ከሰረ እንዴ?

በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ። "ቤትሪብስፌሪየን" ካለ እረፍት ወጥተው ነው፣ ትንንሽ ዳቦ ቤቶች በጋ ላይ ሁለት ሶስት ሳምንት ዘግተው ይሄዳሉ፣ የሚከፍቱበት ቀን እዛው ተጽፏል። ብዙ ጊዜም እስከዛ የሚሸጥላችሁን ሌላ ዳቦ ቤት ስም ከስሩ ይጽፉታል።